ብረት ሁሉ ወደ ደጅ

ሥራነሽ ያን ጠመንጃ ከደበቀች ወዲህ ያልፈራችው ነገር አልነበረም። ባንዳ ፈራች፣ ጎረቤት ፈራች፣ አይጥ ጨርቁን ቀድዳ ታጋልጠኛለች ብላ አይጥ ሳይቀር ፈራች። ከሁሉ አብልጣ የፈራችው ግን አማቷን ነው። እማሆይ ወለተ ሐዋርያት ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ። ክፉስ በሆኑና በተገላገለች። እማሆይ አይዋሹም፤ ጣጣው እሱ ነው።

መቼም አልዋሽም የማይል የለም። የእማሆይ ግን ሌላ ነው። ባላቸው ወልደ ሩፋኤል ሞቶባቸው ቆብ ከጫኑ ወዲህ አንዴ ላም ሊሸጡ ገበያ ወጥተው፣ ገዢው ተስማምቶ ላሚቱን ሊነዳ ሲል፣ «ልጄ፣ ይቺ ላም ስትታለብ ትራገጣለች፤ እኔንም ጥርሴን አውልቃኛለች» አሉት። ሰውዬው ገመዱን እጃቸው ላይ ትቶ ሄደ። የድንበር ጠብ ተነስቶ ሽማግሌ ሲቀመጥ «እማሆይ ምን አሉ?» ነው የሚባለው። እሳቸው ካሉ አለቀ፣ ይግባኝ የለውም።

የሥራነሽ ባል አለበል፣ የእማሆይ አንድ ልጅ፣ ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ምንሽሩን አንግቦ ዱር ገብቷል። በመስቀል ሰሞን ሰው ሳያየው ብቅ ብሎ አባቱ የተወለትን አሮጌ ውጅግራ ጠመንጃ፣ እስከዚያ የት ቀብሮት እንደኖረ እግዜር ይወቅ፣ ሚስቱ እጅ ላይ ጥሎ ሄደ።

«ሰው እልካለሁ፣ መጥቶ ይወስደዋል» አላት። «እስከዚያ ደብቂው። ለእናቴ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ከጠየቋት ትናገራለች።»

እናቱን ጠልቶ አይደለም። ይወዳታል፤ ቢሆንም ያውቃታል።

ሥራነሽም ታውቃቸዋለች። ባለፈው በጋ ከወንዝ ማዶ አንድ ገበሬ ከጎታው ሥር ጥቂት ጥይት ተገኘበት ተብሎ በገበያ ቀን፣ ሕዝብ ቆሞ እያየ ተሰቅሏል። ቤቱንም አቃጠሉት። ሚስቱ ዛሬም ከሰው አትነጋገርም። ጥይት ይህን ካደረገ ሙሉ ጠመንጃ ምን ሊያደርግ ነው? ሥራነሽ ይህን እያሰበች ውጅግራውን በአሮጌ ቡልኮ ጠቅልላ ጓዳ አስገባች። ከጎታው ጀርባ፣ እርሻው አልቆ ሥራ ከፈቱት ከሞፈሩና ከማረሻው ጎን አቆመችው። የእማሆይ ዓይን ሞራ ከለበሰ ቆይቷል፣ አያዩትም አለች። እጃቸው እንደሚያይ ረሳች።

ሌላም የረሳችው ነገር አለ፤ ያውም ያገሩ ሕፃን የሚያውቀውን። በረዶ ሲጥል ብረት ወደ ደጅ ይወረወራል። ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ ቢላዋው ግቢ ሲጣል በረዶውን ይቆርጠዋል፣ መብረቁንም ደጅ ያስቀረዋል ይባላል። ሌላው ቤት አንድ ማጭድ ወርውሮ ይገላገላል። እማሆይ ግን እንዲህ ያለ ማባበል አያውቁም። ልጅ ሳሉ ታላቅ እህታቸው ከዝናብ ልትጠለል ዛፍ ሥር እንደቆመች መብረቅ ወስዷታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ሲያጉረመርም ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያስጨንቅ ሕግ አላቸው። ከምሰሶው ራቁ። በር ላይ አትቁሙ። ቀይ ጨርቅ አውልቁ፣ መብረቅ ቀይ ይወዳል። ሜዳ ላይ ከያዛችሁ ዛፍ አትጠጉ፣ ከጉብታው ውረዱና ቁጢጥ በሉ። ብረት ደግሞ ስለት ኖረው አልኖረው፣ ሁሉም ወደ ደጅ። ሥራነሽ ይህን ሁሉ በየክረምቱ ስትሰማ ኖራ፣ ጠመንጃ ብረት መሆኑ አልታሰባትም። ሰው ሁሉን ሲያስብ አንዱን ይረሳል፤ የሚያጠፋውም ያው የረሳው ነው።

ከመስቀል ወዲህ ጤፉ ዛላው ማጎንበስ ጀምሯል። የዘንድሮውን ጤፍ ሥራነሽ ያለ ባል በደቦ አሳርሳ፣ በእጇ እያረመች ነው ለዚህ ያደረሰችው፤ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ስታየው ሆዷ ይሞላ ነበር። ያን ቀን ከቀትር በኋላ ከጮቄ ተራራ በኩል ደመና ተነሳ፤ ላዩ ጥቁር፣ ሆዱ ግን ነጣ ብሎ አረንጓዴ ቢጤ የቀላቀለ። እንዲህ ያለውን ደመና ገበሬ አይወደውም። ነፋሱ ድንገት ቀዘቀዘ፣ ዶሮዎቹ ሳይጠሯቸው ገቡ። ሥራነሽ ጥጃውን ልታስገባ ወጣች። ገመዱን ስትፈታ የመጀመሪያው በረዶ ትከሻዋን መታት፤ ባቄላ ያህላል። ቀጥሎ የወረደው የእርግብ እንቁላል ያህል ነበር።

እንቅብ ራሷ ላይ ደፍታ፣ ጥጃውን እየጎተተች ስትሮጥ የእማሆይ ድምፅ ከቤት ውስጥ ተሰማ።

«ብረት! ብረት አውጡ!»

ማንን እንደሚያዙ እንጃ፣ ቤት ያሉት እሳቸው ብቻ ናቸው። ማጭዱ በበሩ ብልጭ ብሎ ወጣ። መጥረቢያው ተከተለ። ማረሻው ዱብ አለ። ሥራነሽ ጥጃውን ጋጣው ውስጥ ገፍትራ ወደ ቤቱ ስትዞር አንድ ረጅም ነገር፣ አሮጌ ቡልኮ ከላዩ እየተፈታ፣ በበሩ ወጥቶ ግቢው መሐል ተጋደመ።

ክው አለች። እማሆይ ማረሻውን ሲያነሱ ከጎኑ ያለውን ቀዝቃዛ ነገር እጃቸው አግኝቶታል። የልጃቸው ጦር መስሏቸው ይሁን ዘንግ፣ ማን ያውቃል፤ በዚያ ጥድፊያ ማን ይመረምራል? ብረት ነው፣ ወጣ። በቃ።

ዘላ ልታነሳው አጎነበሰች። ቡልኮውን ያዝ ስታደርገው ጨርቁ ብቻ እጇ ላይ ቀረ። ወዲያው በአጥሩ በር ሦስት ሰዎች፣ ጠመንጃ ያነገቱ፣ ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጠቅልለው እየሮጡ ገቡ። ሥራነሽ ቀና አለች።

ባንዶች ናቸው። በረዶው እንደተዘረገፈ እህል ይወርድ ነበርና አንገታቸውን ደፍተው ከእግራቸው ሌላ አያዩም። አንደኛው ውጅግራውን ተሻግሮ አለፈ። ሁለተኛው ረገጠው፤ ተንሸራተተ፣ ተሳደበ፣ ምን እንደረገጠ ሳያይ ገባ። ሦስተኛው በጎን አለፈ። ሥራነሽ በድን ሆና ከኋላቸው ገባች።

አለቃቸው ባዘዘው ይባላል። ያገሩ ልጅ ነው፤ አባቱ ገበሬ፣ እሱም እስከ ትናንትና ገበሬ። ጣሊያን ቁራሽ ሹመትና ቀይ መቀነት ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ወፈረ። አንሙት የሚባል ቀጭን ሰውና ስሙን ማንም ያልጠየቀው ሌላ አንድ አብረውት ነበሩ። ከታች መንደር ጠመንጃ ሲፈትሹ ውለው፣ ወደዚህኛው ሲወጡ ነው በረዶው የያዛቸው። በቅሏቸውን አጥሩ ጥግ ከቆመው ብሳና ሥር አስረዋታል።

«ቤቶች፣ አስጠልሉን» አለ ባዘዘው፣ ከገባ በኋላ።

«ግቡ ልጆቼ፣ ከምሰሶው ራቁ» አሉ እማሆይ። «ማናችሁ?»

«የመንግሥት ሰዎች ነን።»

«የማንስ ብትሆኑ። ብረት ይዛችኋል?»

ባዘዘው ሳቀ። «ጠመንጃ ነዋ እማሆይ፣ ምን እንይዛለን?»

«ወደ ደጅ አውጡት። በረዶ ሲጥል በእኔ ቤት ብረት አይቀመጥም። ያሰራችሁትንም እንስሳ ከዛፉ ፍቱት፤ ኮቴውን ሰምቼዋለሁ።»

«የበላያችን የሹሙ በቅሎ ናት እኮ፤ ሜዳ ላይ በረዶ ይቀጥቅጣት ነው የሚሉት?»

«በረዶ ይቀጠቅጣታል። መብረቅ ግን ይገድላታል።»

«የእናቶቻችን ወግ አያልቅም» አለ ባዘዘው ጓደኞቹን እየጠቀሰ። ጠመንጃውን ምሰሶው ላይ አስደገፈ፤ ራሱም ተደገፈ። እማሆይ ክርክር አልወደዱም። ሄደው ከመደቡ ጥግ ቁጢጥ አሉና «እግዚኦ» ማለት ጀመሩ።

ሥራነሽ በሩ ጥግ ቀረች። በሳንቃው ስንጥቅ ግቢው ይታያል። ውጅግራው እዚያው ተጋድሟል፤ አፈሙዙ ወደ ቤቱ፣ ሰደፉ ወደ አጥሩ። የትኛውም ባንዳ አንገቱን መለስ ቢያደርግ ያየዋል። የተሰቀለው ሰውዬ ታያት፤ እግሮቹ፣ አንደኛው ጫማ የወለቀበት። በረዶው በብረቱ ላይ እየነጠረ ይወርዳል፣ ጥቂት ጥቂቱ ደግሞ እየቀረ ይከመራል። አፈሙዙ ጠፋ። ሰደፉ ግን ገና ነው።

«ጨምር» አለች በሆዷ። «ጌታዬ፣ ጨምርበት።»

ጨመረ። የሣር ክዳኑ ተንጋጋ፣ ጥጃው ከጋጣው ጮኸ። ማዶ ደግሞ ያ ሌላ ድምፅ ይሰማታል፤ በረዶ በቆመ ጤፍ ላይ ሲወርድ የሚሰማ፣ እርጥብ ቁርበት የሚወቀጥ የሚመስል። ሰኔና ሐምሌ ጉልበቷን የበላው ጤፍ ነው። እማሆይ የሚበሉት፣ አለበል ጋ በስንቅ የሚሄደው እሱ ነው። የእሷ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ እስከ ገደሉ ድረስ ያለው የሰዉ ሁሉ ነው። ሥራነሽ ሰማችው፣ አወቀችው፣ ደግማ «ጨምር» አለች። አንዲት የገበሬ ሚስት አዝመራዋ እየተጨፈጨፈ በረዶ ጨምር ብላ ስትለምን ማን አይቶ ያውቃል? እሷም ራሷን ሰምታ ደነገጠች። ደንግጣም አላቆመች።

በዚህ መሐል ሰማዩ ተሰነጠቀ። ብርሃኑና ድምፁ አንድ ላይ ነው የመጡት። ቤቱ ነጭ ሆነ፣ ምድጃው ውስጥ ያለው አመድ ተነስቶ ቦነነ፣ ስሙ ያልተጠየቀው ባንዳ በግንባሩ ተደፋ። ለጊዜው ማንም ምንም አልሰማም። አንሙት ነው በሩን ገርበብ አድርጎ ያየው።

ብሳናው ከጫፉ እስከ ሥሩ ቅርፊቱ ተገፎ ይጨሳል። በቅሎዋ በጎኗ ተጋድማለች። ልጓሟ ካፏ አልወጣም፣ ሆዷ ግን አይነፋም አይጎድልም። ከትንሽ ጊዜ በፊት ቆማ ጭራዋን ስትወዘውዝ የነበረች በቅሎ ናት።

«እማሆይ» አለ ባዘዘው። ድምፁ ከሹመቱ በፊት ወደነበረው ተመልሷል። ከምሰሶው ሸሽቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። «ጠመንጃውን ያውጡልኝ።»

«አንተው አስደግፈኸው የለ? አንተው አውጣው።»

«አልነካውም እማሆይ። በእግዜር ይዤዎታለሁ።»

እማሆይ ተነሱ። በዚያ ቤት ከእሳቸው በቀር ወደ በሩ ሊጠጋ የደፈረ አልነበረም። ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ አንስተው ወደ ግቢው ወረወሯቸው።

«ሌላስ?»

ሳንጃ ወጣ። ዝናር ወጣ። አንሙት የቀለበት ጣቱን ሲያሽ ቆይቶ ቀለበቱንም አወለቀ። ባዘዘው ጫማው ሚስማር እንዳለው ትዝ ብሎት ጫማውን ፈታ።

«መቀነትህ ምን ዓይነት ነው?» አሉ እማሆይ።

«ቀይ» አለ ባዘዘው።

«እሱንም።»

የመንግሥት ሰዎች ባዶ እግራቸውን፣ ሱሪያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሦስቱም መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሥራነሽ ስትስቅ ትውል ነበር። አለበል እዚህ ቢሆን ምን እንደሚያደርግም አሰበች፤ እሷ ግን ተኩሳ አታውቅም፣ ውጅግራውም ጥይት የለው። ደግሞም ዓይኗ ስንጥቁ ላይ ነው። አሁን ግቢው ውስጥ አራት ጠመንጃ አለ። ሦስቱ ሲታወቁ አራተኛው ይታወቃል። የአራቱንም ላይ በረዶው እኩል ሸፈነው፤ ግቢው ወለል ብሎ ነጭ ሆነ። ሥራነሽ «ጨምር» ማለቷን እንደቀጠለች በረዶው ድንገት አባራ።

ዝምታው ከነጎድጓዱ ይልቅ አስደነገጣት። ወዲያው ፀሐይ ወጣች፤ ምን አጣደፋት? ክዳኑ መንጠባጠብ ጀመረ።

«አንሙት፣ ጠመንጃዬን አምጣ» አለ ባዘዘው።

አንሙት ወደ ሰማይ አየ። ከሩቅ ገና ያጉረመርማል። «አለቃ፣ ትንሽ ብንቆይ» አለ።

«ማንም አይነካውም» አሉ እማሆይ። «ብረትን ያወጣው እጅ ነው የሚያስገባው። ሌላ ከነካው ሰማዩ ይመለሳል።» ይህን የሚሉት አምነው ነው፤ እንዳልኳችሁ፣ እማሆይ ያላመኑትን አይናገሩም።

«እኔ ላንሳው እማሆይ፣ ብርድ ይገባብዎታል» አለች ሥራነሽ።

«አንቺ አልጣልሽም።»

ባዶ እግራቸውን ወጡ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ዋጣቸው። ግቢው መሐል ሲደርሱ አጎነበሱና እጃቸውን ሰደዱ፤ የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ መጀመሪያ የነኩት ውጅግራውን ነው። እስከ ግማሹ ብድግ አደረጉት። ባንዶቹ በሩ ላይ ቆመው እያዩ ነው። የእማሆይ እጅ በብረቱ ወርዶ ሰደፉ ጋ ደረሰ። ሰደፉ ድሮ ተሰንጥቆ ባላቸው ወልደ ሩፋኤል በመዳብ ሽቦ ጠፍሮታል። ያ ሽቦ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከራስጌያቸው ተሰቅሎ የኖረ ነው። እጃቸው እዚያ ላይ ቆመ።

ሥራነሽ አለቀልኝ አለች። አሁን ቀና ይላሉ፣ «ይህ የባሌ ነው፣ ከየት መጣ?» ይላሉ፤ ሌላ ነገር ማለት አያውቁም። ገመዱ አንገቷ ላይ ሲያሳክካት ተሰማት።

«ምነው እማሆይ?» አለ ባዘዘው።

እማሆይ እንዳጎነበሱ ቆዩ። ከዚያ የያዙትን ለቀቁት፣ በረዶውን በእጃቸው ገፋ ገፋ አድርገው ሌላ ቦታ ዳበሱ። አንድ ጠመንጃ አውጥተው ለባለቤቱ ሰጡ። ሁለተኛውን ሰጡ። ሦስተኛውን፣ ሳንጃውን፣ ዝናሩን ሁሉ መለሱ። «ማጭዴን ላንሳ» ብለው ወደ ግቢው መሐል ተመለሱና ማጭዱን ይዘው እዚያው ቀጥ አሉ።

ባዘዘው ጠመንጃው እጁ ሲገባ ድምፁም ተመለሰለት። እሱን የሚያሳፍር ነገር ያየ ቤት መቼም በደህና አይታለፍም።

«ቤቱን ፈትሹ» አለ።

ፈተሹት። የጎታውን ክዳን አንስተው እህሉ ውስጥ እስከ ክንዳቸው ገቡ። መደቡን በሳንጃ ወጉት። ክዳኑን ገፈፉ። አንሙት ከጎታው ጀርባ ዞሮ ሞፈሩን ስቦ ጣለ፤ ከሞፈሩ ጎን ባዶ የቀረውን ቦታ በእጁ ዳበሰው። ሥራነሽ ይህን ስታይ ሌላ ድንጋጤ ያዛት። በረዶው ባይጥል፣ እማሆይ ባይሳሳቱ፣ ያ እጅ አሁን ውጅግራውን ጨብጦ ይወጣ ነበር። ለቤቱ ጥፋት ነው ያለችው የአማቷ ወግ ቤቱን ባዶ አድርጎ ጠበቀው። ብቻ ምን ዋጋ አለው፣ ደጁ ላይ ፀሐይ አለች።

ወጥታ ስታይ በረዶው እያነሰ ነው። የመጥረቢያው ራስ ብቅ ብሏል፣ ማረሻው ግማሹ ይታያል። እማሆይ ግን የመነኩሴ ቀሚሳቸውን ዘርፍ ዘርግተው፣ ባዶ እግራቸውን፣ በቆሙበት ቆመዋል። ሥራነሽ የዚያን ጊዜ ነው የገባት። የቆሙት ከውጅግራው ላይ ነው።

ባንዶቹም ይሂዱ እንጂ። አይሄዱም። ባዘዘው መቀነቱን ሲታጠቅ፣ ጫማውን ሲያስር፣ በቅሎዋን ዞሮ ሲያይ። «ለሹሙ ምን ልለው ነው?» እያለ ራሱን ያዘ። ኮርቻውን አስፈታ። ልጓሙን አስወለቀ። የበቅሎ ሬሳ ምን ያዋዩታል? እማሆይ አይንቀሳቀሱም። ከንፈራቸው ጠቆረ። ሥራነሽ ወደ እሳቸው አንድ እርምጃ ብትሄድ ሰው ሁሉ ወደዚያ ያያል ብላ ፈራች፤ ቆማ ከማየት በቀር ምንም አላደረገች።

በመጨረሻ ባዘዘው መጣና ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«እማሆይ፣ እርስዎ እንደማይዋሹ አገር ያውቃል» አለ። «ልጅዎ ሸፍቷል። እኔ ደግሞ ባዶ እጄን፣ በቅሎ አስገድዬ መመለሴ ነው። እውነቱን ይንገሩኝ። በዚህ ቤት ጠመንጃ አለ?»

ሥራነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«የለም» አሉ እማሆይ።

«ይማሉልኛል?»

እማሆይ ማጭዱን ወደ ግራ እጃቸው አዛውረው ቀኙን ራሳቸው ላይ አደረጉ። «ይህ ቆቤ ይፋረደኝ» አሉ። «የለም።»

ባዘዘው አመነ። ማን አያምንም? ሥራነሽ ራሷ ለአፍታ አመነች፤ በረዶው ውስጥ ቀልጦ ጠፍቶ ይሆን ብላ እስከማሰብ ደረሰች። ሦስቱ ሰዎች ኮርቻውን ተሸክመው፣ በአጥሩ በር ወጥተው ቁልቁል ሄዱ።

ጉብታው ሲጋርዳቸው ሮጠች። «እማሆይ፣ ይምጡ። ሄዱ፣ ይግቡ።»

«አልችልም» አሉ። «እግሬን አላገኘሁትም።»

አቅፋ አነሳቻቸው። ሲነሱ ውጅግራው ከሥራቸው ወጣ፤ ጥቁርና እርጥብ፣ ላዩ ላይ በረዶ እንኳ አልቀረም። ከቀሚሳቸው ዘርፍ በቀር የሸፈነው ነገር አልነበረም። እሳት ዳር አስቀምጣ እግራቸውን በቅቤ ስታሽ የውስጥ እግራቸው ላይ የመዳቡ ሽቦ ታትሞ አየችው፤ ድርብርብ መስመር፣ ቀይ። የእግር ጣቶቻቸውን ስትነካቸው አይሰማቸውም። ውጅግራውን አምጥታ ዳግመኛ ከሞፈሩ ጎን አቆመችው። ሌላ ቦታ ለማሰብ ልብ አልነበራትም።

«የባሌ ነው» አሉ እማሆይ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

ሥራነሽ ልትሸፋፍነው አልፈለገችም። «ይናገራሉ ብዬ ፈራሁ።»

«እናገር ነበር» አሉ እማሆይ። «ዛሬ ጠዋት ነግረሽኝ ቢሆን፣ ሲጠይቀኝ እናገር ነበር። አንቺን አስሰቅዬ፣ ልጄን ቤት አልባ አድርጌ፣ እውነት ተናገርኩ ብዬ ከንስሐ አባቴ ፊት እቆም ነበር። አየሽ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ?» ይህን ሲሉ ከሥራነሽ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ። «ሽቦውን ስነካው እጄ ነው የዋሸው። አፌ በኋላ ነው የተከተለው።»

ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ። አጥፈው ሰጧት።

«ሙዳዩ ውስጥ አኑሪልኝ። በሐሰት የማልኩበትን አልጭነውም።»

ሥራነሽ ቆቡን ተቀብላ ቆመች። የእማሆይን ባዶ ራስ አይታ አታውቅም፤ ጸጉሩ የተላጨ፣ ትንሽ፣ የልጅ ራስ የሚመስል ነው። ማየት አሳፈራትና ያላሰበችውን ተናገረች። «እኔስ? በረዶውን ጨምር ብዬ እየለመንኩ ነበር። ጠመንጃው እንዲሸፈን ብዬ። ጤፉን እየሰማሁት።»

እማሆይ ወደ ደጁ ጆሯቸውን አቀኑ። ከላይ ካለው ቤት የሴት ለቅሶ ተነስቷል። ከማዶም ሌላ መለሰለት፣ ከገደሉ አፋፍም። መንደሩ በሙሉ ማሳው ላይ ወጥቶ እየጮኸ ነው።

«ተሰማልሽ» አሉ እማሆይ። ሊወቅሷት አልነበረም፤ እንደነበረው ተናገሩት።

ሥራነሽ ቆቡን ሙዳዩ ውስጥ አኑራ፣ ወጥታ ማሳውን አየችው። ጤፍ የሚባል ነገር የለም። ጭቃና ገለባ፣ በመሐሉ የሚቀልጥ በረዶ። የብርጓል የምትባለው ጎረቤቷ ነጠላዋን ታጥቃ፣ ፊቷን ነጭታ፣ በድንበሩ በኩል መጣች።

«አለቅን እኮ ሥራነሽ። አንዲት ዛላ እንኳ አልተወልን። የእናንተስ?»

ሥራነሽ ከየብርጓል ጋር ማልቀስ ነበረባት፤ እንባዋ ግን እምቢ አለ። የብርጓል ወደ ቤት ዘልቃ እማሆይን ልታጽናና ጠጋ አለች። እሳቱ ዳር ተቀምጠው ባዶ ራሳቸውን ስታይ ለቅሶዋን ረስታ ቆመች።

«እማሆይ፣ ቆብዎስ የት ሄደ?»

ተከትላት የገባችው ሥራነሽ ሙዳዩን አንስታ ከኋላዋ ደበቀች።

«በረዶ ወሰደው» አሉ እማሆይ።

«ጤፉ አልበቃው ብሎ» አለች የብርጓል፣ ደረቷን መታች፣ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ሥራነሽ አማቷን አየች። እማሆይ እጃቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተው ይሞቁ ነበር። ሁለተኛዋ ውሸት ከመጀመሪያዋ ቀልላቸዋለች።